ከውሃው በታች ስላለው መሬት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም በሳይንስ ክፍላችን ልናቆመው ስላሰብነው፣ ዓሣና የውሃ ውስጥ ተክል አብረው ስለሚኖሩበት የመስተዋት ገንዳ፣ በተለይም በገንዳው ወለል ላይ ስለሚነጠፈው አፈርና አሸዋ፣ እንዲሁም ይህን ወለል ከሥር ስለ ማሞቅ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሦስት ቁም ነገሮች ተያይዘውበታል። አንደኛው ወላጆቻችን ለክበባችን ያዋጡት ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በእጃችን የሚገባው የፍጡራን ሕይወት ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንድን ነገር «ይጠቅማል» ብለው ሲነግሩን እውነት መሆኑን በምን ዓይነት መንገድ እንመረምራለን የሚለው ጥያቄ ነው።

ክበባችን በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲከራከር ቆይቷል። አንደኛው ወገን፣ የገንዳውን ወለል ከሥር የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሽቦና በከረጢት የታሸገ የተክል አፈር ከውጭ አገር ይምጣልን ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በግቢያችን ያለው አፈር ይበቃል፤ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል ይል ነበር። ዛሬ የሁለቱንም ወገን አሳብ በቅንነት አቅርበን፣ በመጨረሻ ሁላችንም የተስማማንበትን እንገልጻለን።

ዓሣን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ከተክል ጋር ማኖር የቆየ ታሪክ አለው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ወርቃማ ዓሣዎችን ቫሊስኔሪያ ከተባለው የውሃ ሣር ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንዳኖረ አስረዳ። የሣሩን ሥር በአፈር ውስጥ ተክሎት ነበር። የሚበሰብሰውን ቅጠል የሚበሉለት ቀንድ አውጣዎችንም ጨመረ። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስደዋል፤ ተክሉ በብርሃን ኀይል የሚያወጣውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሰዋል፤ የሞተውን ቀንድ አውጣው ያጸዳዋል። አንዱ ለሌላው እንዲህ ያገለግላል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት መኖሪያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ የመስተዋት ገንዳ በብዙ አገሮች በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ታወቀ።

እንግዲህ ገንዳውን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዓሣው ላይ ነው። ጥቂት ቢያስተውል ደግሞ ቅጠሉን ያያል። ከጠጠሩ በታች ያለውን ግን ማንም አይመለከትም። ነገር ግን የገንዳው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ በማይታየው ቦታ ነው።

የውሃ ተክል ምግቡን በሁለት በር ያስገባል። አንዱ በር ቅጠሉ ነው፤ ሁለተኛው ሥሩ ነው። ሴራቶፊሉም የሚባለውና በአገራችን ሐይቆችም የሚገኘው ተክል ሥር የለውም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከውሃው ይወስዳል። ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያና የአማዞን ሰይፍ የሚባሉት ግን ሥራቸው ብርቱ ነው፤ ብዙውንም ምግባቸውን ከመሬት ይስባሉ። ከሚያስፈልጓቸው ነገሮች መካከል ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ብረት ይገኙባቸዋል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለዓሣው ከሚሰጠው ምግብና ከኩሱ ይመጣሉ። ብረትና ፖታሲየም ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።

ጀርመናዊው ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሰፊው ያሳወቀው አንድ ሕግ አለ። የተክልን እድገት የሚወስነው ከሁሉ ይልቅ ያነሰው ምግብ ነው የሚል ነው። ይህንን እናቶቻችን ከሊቢግ በፊት በወጥ ያውቁታል። በወጥ ውስጥ ጨው ቢጎድል፣ ቅቤ ቢጨመርበት፣ በርበሬም ቢበዛበት የጨውን ቦታ አይተኩም። እንደዚሁም ብረት ለጎደለው ተክል ብርሃን ማብዛት አይረዳውም። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደ ሆነ መካከሉ ብጫ እየሆነ ይመነምናል።

አሁን በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትልልቅ የመስተዋት ጠርሙሶች ታያላችሁ። ውሃቸው ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ነው፤ የቆሙት በአንድ መስኮት አጠገብ ነው፤ የተተከለባቸውም ሣር ከአንድ እናት የተከፈለ ነው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። በቀኝ ባለው ጠርሙስ ወለል ላይ የታጠበ ጠጠር ብቻ አለ። በግራ ባለው ጠርሙስ ግን ከጠጠሩ ሥር ሦስት ሴንቲሜትር ያህል የጓሮ አፈር አለ። በቀኝ ያለው ሣር ገርጥቶ ሲታይ፣ በግራ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ጠርሙሱን ሞልቶታል። ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ እንድትመለከቱት እንጋብዛለን።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የታጠበ ጠጠር እንደ ባዶ ጎተራ ነው። ሥሩን ይይዛል እንጂ አይመግበውም። ሸክላነት ያለው አፈር ግን ሙሉ ጎተራ ነው። የሸክላ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስትሆን በላይዋ ላይ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ጠባይ አላት። ስለዚህ ፖዚቲቭ ጠባይ ያላቸውን እንደ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ አሞኒየምና ብረት ያሉትን ስባ ታስቀምጣለች፤ ሥሩም ሲመጣ ትለቅለታለች። ስለ ብረት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብረት ኦክሲጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ወዲያው ወደ ዝገት ተለውጦ ይረጋል፤ ተክልም ዝገትን እንደ ልብ ሊመጥ አይችልም። ኦክሲጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ግን ብረት ወደሚሟሟ ጠባይ ይለወጣል፤ ሥርም በዚያ ያገኘዋል። ስለዚህ ከጠጠሩ በታች ያለው ጭቃ፣ ለዓይን ባያምርም፣ የተክሉ ማዕድ ቤት ነው።

ከዚህም በላይ አፈር አንድ ሌላ ስጦታ አለው። በውስጡ ያለው ብስባሽ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በአየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ የውሃ ተክል ብዙ ጊዜ የሚራበው ካርቦንን ነው። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ስለ ተክል ገንዳ ሥነ ምህዳር ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንን በሰፊው አስረድታለች። ተራ የአትክልት አፈር በጠጠር ተሸፍኖ፣ ያለ ጋዝ መጨመሪያ መሣሪያ ተክልን ሊያሳድግ እንደሚችልም አሳይታለች።

ስለ አፈሩ ምርጫ ጥቂት እንበል። በአገራችን ደጋ ቀይ አፈርና ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በሰፊው ይገኛሉ። ቀዩ አፈር መልኩን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው፤ ስለዚህ ለብረት መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። ዋልካው ምግብን በመያዝ ከቀዩ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሲረጥብ አብጦ ይጣበቃል፣ ሲነካም ውሃውን ያደፈርሳል። ስለዚህ ክበባችን የመረጠው፣ ሁለት እጅ ከጓሮ የተወሰደ ልል አፈር ከአንድ እጅ ቀይ አፈር ጋር መቀላቀልን ነው። የሚወሰደውም የተባይ መድኃኒት ካልተረጨበት፣ የመኪና ዘይት ካልፈሰሰበት፣ ማዳበሪያም ሆነ አዲስ ፍግ በቅርቡ ካልገባበት ቦታ መሆን አለበት። አዲስ ፍግ በውሃ ውስጥ ብዙ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያም ለዓሣ መርዝ ነው።

አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ ገለባና ሥራ ሥሩ ይለቀማል። ከዚያ በባልዲ ውስጥ በውሃ ተዘፍዝፎ ይማሰላል፤ ሲረጋም የተንሳፈፈው ይደፋል፤ አፈሩም በፀሐይ ይሰጣል። ይህ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደጋገማል። በዚህም የሚሟሟው ጨውና ቶሎ የሚበሰብሰው ነገር አስቀድሞ ይወጣለታል።

ጠጠሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን መልካም ነው። ከዚህ የደቀቀ አሸዋ ይጠቀጠቅና ውሃ አያሳልፍም። ከዚህ የገዘፈ ጠጠር ደግሞ የዓሣው ምግብ በመካከሉ እየወደቀ ይበሰብስበታል። ከግንባታ ቦታ የሚገኝ የወንዝ አሸዋ ተነፍቶና ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ ያገለግላል። ግን ጥቂት አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበት አረፋ የሚያወጣ ከሆነ በውስጡ የኖራ ድንጋይ አለበት፤ ይህም የውሃውን ጠባይ ስለሚለውጥ ይተው።

የኛ ገንዳ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ሴንቲሜትር አፈር ለመንጠፍ 5.4 ሊትር አፈር፣ በላዩም ሦስት ሴንቲሜትር ለማልበስ ያንኑ ያህል ጠጠር ያስፈልጋል። ውሃው ወደ 50 ሊትር ይጠጋል። ከመስተዋቱ ጋር ሲደመር ክብደቱ ከ60 ኪሎግራም ስለሚበልጥ፣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የማይነቃነቅና ወለሉ የተስተካከለ መሆን አለበት።

አፈሩን ከዚህ አብልጦ ማወፈር ግን ጉዳት አለው። ከሥር ያለው ጭቃ ፈጽሞ አየር ሲያጣ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ይፈጠርበታል፤ ሥርም ይጠቁራል። ብዙ ሥር ያለበት መሬት ከዚህ ይጠበቃል፤ ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ኦክሲጅን ከፊሉን በሥሩ ወደ ጭቃው ያወርዳልና። ስለዚህ ገንዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቅጥቅ ተደርጎ ሊተከልበት ይገባል።

አሁን ክርክር ወዳስነሣብን ወደ ሙቀቱ እንመጣለን።

ገንዳን ከሥር ማሞቅ አዲስ አሳብ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመለመዱ በፊት፣ የሞቃት አገር ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች የገንዳውን ወለል ከጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ወይም ከብረት ሠርተው ከሥሩ ትንሽ የጋዝ ወይም የዘይት መብራት ያነዱ ነበር። ይህን ያደርጉ የነበረው ዓሣው እንዳይበርደው ሲሉ ነው። ለተክሉ ሥር ሲባል ወለልን ማሞቅ ግን ኋላ የመጣ አሳብ ነው። ይህንን በሰፊው ያሳወቁት በ1980ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ካስፓር ሆርስትና ሆርስት ኪፐር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ናቸው። እነርሱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጅረቶች ውስጥ ክሪፕቶኮሪን የሚበቅልበትን ቦታ ተመለከቱ። የከርሰ ምድር ውሃ በጅረቱ ወለል በኩል ቀስ እያለ ወደ ላይ እየመነጨ ለሥሩ ምግብ ያመጣለታል አሉ። ይህንኑ በገንዳ ውስጥ ለመምሰል ከጠጠሩ ሥር ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ እያጠማዘዙ ዘረጉ፤ በብረት የበለጸገ ላተራይት የሚባል ቀይ አፈርም ከጠጠሩ ጋር ቀላቀሉ።

አሠራሩ በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነው ነው። ሽቦው ያለበት ቦታ ሲሞቅ ውሃው ይቀልና በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። በሌላው በኩል ቀዝቃዛው ውሃ በቦታው ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ በውሃው ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ሥሩ ይደርሳል፤ ጭቃውም አየር ከማጣት ይድናል ነው የሚሉት። አሳቡ ብልህ ነው። ሽቦው ይምጣ ያሉት ጓደኞቻችንም ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

እኛ ግን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቅን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በተፈጥሮ የሐይቅና የወንዝ ወለል ከውሃው ይልቅ የሞቀ ነውን? የሚል ነው። ፀሐይ የምታሞቀው ከላይ ነው። ፍል ውሃ ካለበት ቦታ በቀር ጭቃው ከውሃው ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው እንጂ የሞቀ አይደለም። ከወለሉ የሚመነጭ ውሃ ቢኖርም የሚያንቀሳቅሰው የከርሰ ምድሩ ግፊት ነው፤ የሙቀት ልዩነት አይደለም። ስለዚህ ሽቦው የውሃውን መመላለስ ሊመስል ቢሞክርም፣ ተፈጥሮ በምትሠራበት መንገድ አይሠራም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ተክሉ ያማረው በሽቦው ነው ማለት በምን ይታወቃል? የሚል ነው። በነዚያ የታወቁ ገንዳዎች ውስጥ ሽቦ ብቻ አልነበረም። በብረት የበለጸገ አፈር ገብቶባቸዋል፤ ብርቱ ብርሃን ተሰጥቷቸዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተጨምሮባቸዋል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦ ተክሉ ቢያምር፣ ምስጋናው የየትኛው እንደ ሆነ ማን ይለያል? አንድ ገበሬ በአንድ ዓመት አዲስ ዘር ቢዘራ፣ ማዳበሪያም ቢጨምር፣ ዝናቡም ቢያምርለት፣ ጎተራው የሞላው በዘሩ ብቻ ነው ሊል አይችልም። በሌላ በኩል ያለ ሽቦ እጅግ ያማሩ ገንዳዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። የዋልስታድን ቀደም ብለን ጠቅሰናል። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖም (1954–2015) በተክል ገንዳ ጥበቡ ዓለም ያወቀው ሰው ሲሆን፣ የእርሱ ጥበብ የቆመው በምግብ በበለጸገ አፈር፣ በብርሃንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ነው። እንግዲህ አፈር በሌለበት ሽቦ ብቻውን አይመግብም፤ አፈር ባለበት ግን ያለ ሽቦ ይበቅላል። ከጠረጴዛው ላይ ያለው የግራው ጠርሙስም ሽቦ የለበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ለኛ ትምህርት ቤት ይስማማልን? የሚል ነው። እዚህ ላይ ስሌት ሠርተናል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4,200 ጁል ያህል ያስፈልጋል። 50 ሊትር ውሃን ከ17 ወደ 25 ዲግሪ ለማድረስ 1,680,000 ጁል ይሆናል ማለት ነው። 100 ዋት ያለው ተራ የውሃ ማሞቂያ ይህንን፣ ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር፣ በ4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሠራዋል። 20 ዋት ያለው የወለል ሽቦ ግን 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህም ገንዳው ምንም ሙቀት ባያባክን ነው። ክዳንና ሽፋን የሌለው ገንዳ ግን በሌሊቱ ብርድ ከዚያ የበለጠ ስለሚያባክን፣ ሽቦው ብቻውን ከቶ አይደርስበትም። ስለዚህ ሽቦውን ብንገዛ እንኳ ተራውን ማሞቂያ መግዛታችን አይቀርም ነበር።

ደግሞም ከአፈር በታች የተቀበረ ሽቦ ቢበላሽ ገንዳው በሙሉ መፍረስ አለበት። ዓሣው ይወጣል፣ ተክሉ ይነቀላል፣ ጭቃው ይበጠበጣል። ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ማሞቂያ ቢበላሽ ግን ሶኬቱን ነቅሎ በሌላ መተካት ብቻ ነው። ተራውን ማሞቂያ በጠጠር ውስጥ ለመቅበር የሚያስብ ካለ ደግሞ አይሞክረው። ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ በዙሪያው ካልተንቀሳቀሰ መስተዋቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ሙቀት ስንናገር ደገኞች መሆናችንን መዘንጋት የለብንም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው ቦታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ያው ውሃ የሚይዘው የዚያን ሦስት አራተኛ፣ ማለት 6.2 ሚሊግራም ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ይህን ያህል ዓሣ አኑሩ» ቢል እኛ ከዚያ ማሳነስ አለብን። ውሃውንም ከሚያስፈልገው በላይ ማሞቅ አይገባንም። በዚህ ምክንያት ከ22 እስከ 24 ዲግሪ የሚበቃውን ገፒ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ መርጠናል።

እንግዲህ የተስማማንበት ይህ ነው። የወለል ማሞቂያ ሽቦ አይገዛም። አፈሩ ከዚሁ ይዘጋጃል። ቴርሞስታት ያለው አንድ ባለ 100 ዋት ማሞቂያና አንድ ቴርሞሜትር ይገዛሉ። ወለሉ ከጠረጴዛው ብርድ እንዳይስብ ከገንዳው ሥርና ከጀርባው የዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም ይደረጋል፤ ክዳንም ይሠራለታል። ሥሩን ከብርድ ለመጠበቅ ይህ ይበቃል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ከተዋጣው ገንዘብ የሚተርፈው ለላቦራቶሪው ማጉያ መነጽር መግዣ እንዲውል ለዲሬክተራችን አሳብ አቅርበናል። ሽቦው ይምጣ ይሉ የነበሩት ጓደኞቻችን ስሌቱን ራሳቸው ስለ ሠሩት በውሳኔው ላይ በፈቃዳቸው ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ፈጽሞ አልዘጋነውም። ሁለት እኩል ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ብርሃንና አንድ ዓይነት የውሃ ሙቀት ይዞ፣ አንዱን ከሥር፣ ሌላውን ከውስጥ እያሞቀ የሚያወዳድር ተማሪ ቢነሣ ክበቡ በደስታ ይረዳዋል።

ለታናናሾቻችን ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል እንጨምር። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። የማሞቂያው ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ሶኬቱ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ በዝቅተኛው ቦታ መሬት ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። መብራት ቢጠፋ ደግሞ መደንገጥ አያስፈልግም። 50 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ማልበስ፣ ምግብ አለመስጠት፣ አልፎ አልፎም ውሃውን በጣሳ እየቀዱ መልሶ ከላይ ማፍሰስ ብዙ ሰዓት ያቆየዋል።

ገንዳው ሲቆምም ዓሣው በዚያው ቀን አይገባም። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ተክሉ ብቻ ይኖርበታል፤ ውሃውም በየጊዜው በከፊል ይለወጣል። ከዚያም በኋላ ዓሣው ጥቂት በጥቂት ይገባል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ይፈለጋል።

ከመጨረሳችን በፊት ከገንዳው ውጭ ስላለው ውሃ የምንለው አለን። የውሃ ተክል ሲያድግ ይቆረጣል፤ ትርፉም ይጣላል። የት ይጣላል? እምቦጭ የሚባለው አረም የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ ብለው ከአገር ወደ አገር አዛመቱት። በአገራችን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በቆቃ ታየ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። በዚያ አካባቢ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ለማሳለፍ፣ ገበሬውም ከብቱን ለማጠጣት ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ሁላችንም ሰምተናል። ጌጥ ሆኖ የገባው የሐይቅ ጠላት ሆነ። ስለዚህ ክበባችን ቃል የሚገባው ይህንን ነው። ከገንዳችን የሚወጣ አንድም ቅንጣት ተክል፣ ቀንድ አውጣም ሆነ ዓሣ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይጣልም። የተቆረጠው በፀሐይ ደርቆ ለትምህርት ቤቱ አትክልት ብስባሽ ይሆናል። እናንተም በየቤታችሁ ገንዳ ያላችሁ ይህንኑ እንድታደርጉ በአክብሮት እንለምናለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከእናንተ ተጨማሪ ገንዘብ አንጠይቅም። የምንጠይቀው በክረምት ዕረፍት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በተራ በሳምንት ሦስት ቀን መጥተው ዓሣውን እንዲመግቡና ቴርሞሜትሩን እንዲመለከቱ ቢፈቅዱልን እርዳታው ከፍ ያለ ነው። የተራው መዝገብ በሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሥራ የተማርነው ስለ ዓሣ ብቻ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይጠቅማል ብለን አልተቀበልነውም፤ ከሩቅ ስለ መጣም አልናቅነውም። መዘንነው፣ ሰፈርነው፣ ጠየቅነው። አፈራችንንም የመረጥነው የኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ሥር የሚፈልገውን ይዞ ስለ ተገኘ ነው። በሌላም ነገር እንዲሁ እንድናደርግ መምህሮቻችን አስተምረውናልና እናመሰግናቸዋለን።